ዳሞታ ላይ በረዶ ቢጥል ኖሮስ?



ሶዶ ላይ ቆሞ ስለ ስላሎም መናገር ከቀልድ ሊቆጠር ይችላል። እዚህ በረዶ የሚመጣው ከነጎድጓዱ ጋር ነው። የእንሰቱን ቅጠል ይተለትላል፣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ልጆች ለቅመው አፋቸው ሳያደርሱት ይቀልጣል። ስለዚህ “ኢትዮጵያ የስላሎም ተወዳዳሪ ለምን የላትም?” ብዬ ብጠይቃችሁ መልሱ ከአዳራሹ በአንድ ድምፅ ይመጣል፦ በረዶ የለማ!

ዛሬ የመጣሁት ይህን መልስ ልከራከር ነው። በረዶ አለመኖሩ ምክንያት መሆኑን አልክድም፤ የሚባለውን ያህል ግን አይደለም። ትልቁ እንቅፋት ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ ፌዴሬሽን፣ ነጥብና ዜግነት በሚባሉት ነገሮች ላይ። የውድድሮቹን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአገራችንን አዋጆች ግን በራሳችን።

በቅድሚያ ከስፖርቱ ጋር እንተዋወቅ። የበረዶ ሸርተቴ፣ ማለትም ስኪ፣ ሁለት ትልልቅ ዘርፎች አሉት። አንደኛው አገር አቋራጭ ነው፤ ዳገቱንም ሜዳውንም በራስ ጉልበት እየገፉ ረጅም ርቀት ይሄዱበታል። ሁለተኛው አልፓይን ነው፤ ከተራራ ወደ ታች ይወርዱበታል። ስላሎም ከአልፓይን ውድድሮች ሁሉ ጠመዝማዛው ነው። በወንዶች ውድድር በመነሻውና በመጨረሻው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ180 እስከ 220 ሜትር ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ ቀይና ሰማያዊ ዘንጎች ይተከላሉ፤ በር ይሏቸዋል። ከአንዱ በር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ከ6 እስከ 13 ሜትር ብቻ ነው። ተወዳዳሪው አንድ ደቂቃ በማይሞላ ወይም ትንሽ በሚያልፍ ጊዜ ውስጥ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ግራና ቀኝ ይታጠፋል። አንዱን በር ስቶ የቀጠለ ከውድድሩ ውጪ ነው፤ ይቅርታ የለም።

ጥበቡ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። በክረምት ከዳሞታ ተራራ ማገዶ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ጭቃው ሲያንሸራትት እግሯን ወደ ቁልቁለቱ ቀጥ አድርጋ አትጥልም፤ አግድም ታሳርፈዋለች፣ በእግሯ ጠርዝ መሬቱን ትነክሳለች። የስላሎም ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ከእግሩ ሥር ያለው የብረት ጠርዝ መሆኑና ነገሩ በሰከንድ አንድ ጊዜ መደጋገሙ ነው። ድሮ ዘንጎቹ ግትር ስለነበሩ ተወዳዳሪዎች ዞረዋቸው ያልፉ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሥሩ የሚታጠፍ ዘንግ ከመጣ ወዲህ ግን በክንዳቸውና በቅልጥማቸው እየመቱ ነው የሚያልፉት። የፊት መከላከያና የቅልጥም ጋሻ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ውድድሩ ሁለት ዙር አለው፤ የሁለቱ ዙር ሰዓት ተደምሮ አሸናፊው ይለያል። ለሁለተኛው ዙር በሮቹ እንደገና በሌላ መስመር ይተከላሉ። በመጀመሪያው ዙር ከወጡት 30 ምርጦች መካከል 30ኛው ቀድሞ ይወርዳል፤ መሪው ሃያ ዘጠኝ ሰው ባረሰው መንገድ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ይህ ደንብ ለተመልካች ደስ ይላል፤ ለመሪው ግን ጭካኔ ነው።

አሁን ወደ ዳሞታ ቀና በሉ። ተራራው ከከተማው በብዙ መቶ ሜትሮች ከፍ ይላል፤ ለአንድ የኦሎምፒክ ስላሎም የሚበቃው ቁልቁለት የዳሞታ አንድ ቁራጭ ነው። ተዳፋትማ ሞልቶናል። በረዶም ቢሆን ከታሪካችን ጨርሶ የራቀ አይደለም። ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ አይቶ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ስሙ ያልደረሰን አንድ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን ሲዘረዝርበት፣ በሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት በረዶ ውስጥ እንዳለፈ ይናገራል። ዛሬ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ሆኖ ነጭ የሚለብሰው አልፎ አልፎ ነው። ከእኛ ማዶ ጋሞ ላይ ያለው የጉጌ ተራራም አይበቃም። በአፍሪካ ቋሚ በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ጫፎች ነው፤ ሦስቱም ከ5,000 ሜትር በላይ ናቸው። ጥቂት መቶ ሜትሮች ናቸው ያጎደሉን።

ለመሆኑ የስላሎም ተወዳዳሪ ዕድሜ ምን ይመስላል? አሜሪካዊቷን ሚካኤላ ሺፍሪንን እንውሰድ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በረዶ ላይ ነበረች፤ ቨርሞንት ውስጥ በሚገኘው በርክ ማውንቴን አካዳሚ ተማረች። በ2011 በስኪ የዓለም ዋንጫ ስትጀምር ገና 15 ዓመቷ ነበር። በ2012 መጨረሻ ስዊድን ኦሬ ላይ የመጀመሪያ ድሏን አገኘች። በ2023 እዚያው ኦሬ ላይ 87ኛውን ስትደግም፣ ስኪተኛው ኢንገማር ስቴንማርክ ከ1970ዎቹ እስከ 1989 የሰበሰባቸውን 86 ድሎች አለፈች። በኅዳር 2024 ኪሊንግተን ላይ ወድቃ ሆዷ ላይ ቆሰለች፤ በየካቲት 2025 ጣሊያን ሴስትሪዬር ላይ ተመልሳ 100ኛውን አነሳች፤ እሱም በስላሎም። ሴስትሪዬርን አስታውሷት፤ ከዚያች ከተማ አጠገብ አንድ ኢትዮጵያዊ እናገኛለን።

እንግዲህ ይህ ዓይነቱ ሕይወት የሚጀምረው ልጅ ሮጦ መውደቅን በሚማርበት ዕድሜ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ መሀል ያልደመቀ ሰው በሃያዎቹ አይደርስም። ስቴንማርክ በ33 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። በአገር አቋራጭ ስኪ ግን ጉልበትና ትዕግሥት ሠላሳን ተሻግረውም ይጸናሉ። አሁን የምነግራችሁ ሰው ወደ አገር አቋራጩ ማዘንበሉን ሳስብ ይህን ልዩነት አልረሳም።

ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ የተወለደው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ባወረደበት ወር። ገና ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ሄደና የ1932ን እና የ1980ን የክረምት ኦሎምፒኮች ባስተናገደችው በሌክ ፕላሲድ አካባቢ አዳሪ ተማሪ ሆነ። ስኪ የተማረው እዚያ ነው። ለኒው ሃምፕሺር ዩኒቨርሲቲ ቡድንም ተወዳደረ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የአንድ ስደተኛ ልጅ መልካም አጋጣሚ ነው፤ በየኮሌጁ እሱን የመሰሉ ብዙ አሉ። ከብዙዎቹ የለየው ለኢትዮጵያ ልወዳደር ማለቱ ነው።

ማለት ቀላል ነው። ለኦሎምፒክ የሚመዘገብ ስኪተኛ የአገሩ የስኪ ፌዴሬሽን ሊኖረው፣ ፌዴሬሽኑም በዓለም አቀፉ ስኪ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊስ በሚባለው፣ ሊታወቅ፣ የአገሩ ኦሎምፒክ ኮሚቴም ስሙን ሊያስተላልፍ ይገባል። ኢትዮጵያ ውስጥ የስኪ ፌዴሬሽን የሚባል ነገር አልነበረም። ሮቤል አቋቋመ። እኔ ከሁሉም የማደንቅለት ይህን ነው። ጋዜጦች ያኔ የጻፉት አዲስ አበባ ላይ ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ሲለማመድ ሰው እየቆመ እንዴት እንዳየው ነበር፤ እርግጥ ደስ የሚል ሥዕል ነው። ነገር ግን ያን ጎማ የጎተተው ማኅተምና ደብዳቤ ነበር።

ይህ ለወላይታ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጦና ንቦቹ፣ ወላይታ ድቻ፣ በ2018 በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ዛማሌክን በመለያ ምት ጥለው አለፉ። ያን ቀን የጮኸው ሁሉ የጮኸው ለግቡ ነው፤ ማንም ለመዝገብ አልጮኸም። ይሁንና ክለቡ በፌዴሬሽን የተመዘገበ፣ ተጫዋቹ መታወቂያ ያለው፣ ውጤቱም በካፍ ዘንድ የሚቆጠር ባይሆን ኖሮ ግብፅ ድረስ የሚያደርስ ጉዞ አይኖርም ነበር። እኛ እግር ኳስ ላይ ይህን ወረቀት ከአባቶቻችን ወርሰን ስላገኘነው አናየውም። ሮቤል ከባዶ ጀምሮ ጻፈው።

በ2006 የቱሪን ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ የቡድኑ ብቸኛ አባልም እሱ ነበር። የተወዳደረው ፕራጄላቶ ላይ ነው፤ የአልፓይኑ ስላሎም ከተካሄደባት ከሴስትሪዬር በተራራው ማዶ። የ15 ኪሎ ሜትሩን ርቀት 83ኛ ሆኖ ጨረሰ። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይትም በዚያው ውድድር ነበር፤ ሮቤል ከእሱ ቀድሞ ገባ። በ2010 በቫንኩቨር እንደገና ባንዲራውን ይዞ 93ኛ ሆነ። በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግና በቤጂንግ ኦሎምፒኮች ኢትዮጵያ አልታየችም።

የቦይትን ስም ስላነሳሁ፣ የእኛ ሰው ሁልጊዜ የሚያነሳውን ሐሳብ ልመልስ፦ “ሯጮቻችንን ለምን ስኪ አናስለብሳቸውም?” ኬንያውያን ሞክረውታል። ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር። በናይኪ ድጋፍ ፊንላንድ ሄዶ ተለማመደና በ1998 ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ተሰለፈ። የመጨረሻው፣ 92ኛው፣ እሱ ነበር፤ ከአሸናፊው ከኖርዌያዊው ቢዮርን ዴሊ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ገባ። ዴሊ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት አስጠብቆ መጨረሻ መስመር ላይ አቀፈው፤ ቦይትም በኋላ ልጁን ዴሊ ብሎ ሰየመው። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ትምህርቱ ግን መራራ ነው። ሳንባ ብቻውን ስኪ አያስኬድም። ሮቤል ከቦይት የቀደመው ሳንባው ስለበለጠ ሳይሆን በልጅነቱ ስለተማረ ነው ብዬ አምናለሁ። በስላሎም ደግሞ ይህ እጥፍ ድርብ ነው፤ እዚያ ሳንባ ምንም አያድንም።

አሁን ወደ ነጥቡ እንግባ፤ ትንሽ ሒሳብ አለው፣ ታገሡኝ። በአልፓይን ስኪ ነጥብ ሲያንስ ነው የሚከበረው። ከአሸናፊው ስንት እጅ እንደዘገየህ ይሰላል፤ በስላሎም ያ ክፍልፋይ በ730 ይባዛል፤ በላዩ ላይ የውድድሩ ደረጃ ቅጣት ይደመራል። አሸናፊው ሁለቱን ዙር በ100 ሰከንድ ጨርሶ አንተ በ110 ብትጨርስ ልዩነትህ አንድ አሥረኛ ነው፤ በ730 ሲባዛ 73 ይሆናል። የውድድሩ ቅጣት 40 ቢሆን ድምሩ 113 ነው። በቫንኩቨርና በፒዮንግቻንግ ዘመን ትንሽ አገር አንድ ሰው ወደ ስላሎም ለማስገባት ይህ ነጥብ ከ140 መብለጥ የለበትም ነበር፤ እሱም በአምስት ውድድሮች አማካይ። በር የሳትክበት ውድድር አይቆጠርም። እንግዲህ ሰውየው ወደ ኦሎምፒክ የሚሄደው አንድ ቀን ስለቀናው ሳይሆን አምስት ጊዜ ሳይወድቅ መጨረስ ስለቻለ ነው። በዚህ ምክንያት የትንሽ አገር ስኪተኛ ክረምቱን የሚያሳልፈው ማንም የማያያቸውን ትንንሽ ውድድሮች እያሳደደ ነው፤ የአውሮፕላኑን፣ የማደሪያውንና የስኪ ሰም የሚቀባውን ሰው ሒሳብ ከኪሱ እየከፈለ።

ይህን መንገድ ያለፈ አፍሪካዊ ልጥቀስ። ክዋሜ ንክሩማ አቼምፖንግ ግላስጎው ተወልዶ ጋና ያደገ ሰው ነው። ስኪ የጀመረው አዋቂ ከሆነ በኋላ እንግሊዝ ሚልተን ኪንስ ውስጥ ጣሪያ ባለው የበረዶ ማዕከል ተቀጥሮ ሲሠራ ነው። ለቱሪን አልደረሰም፤ ለቫንኩቨር ግን ነጥቡን አሟላ። በስላሎሙ 102 ሰዎች ተነሡ፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ወደቁ ወይም በር ሳቱ። እሱ 47ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከጨረሱት መካከል ከኋላው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በዚህ የሚስቁ አሉ። እኔ ግን ከዓለም ምርጦች ከሃምሳ በላይ የሚሆኑት ባልጨረሱት ቁልቁለት ላይ በሩን ሁሉ ያለፈ ሰው ላይ ለመሳቅ ድፍረቱ የለኝም።

እርግጥ ክርክሩ ከባድ ነው። በ1988 ካልጋሪ ላይ እንግሊዛዊው ኤዲ ኤድዋርድስ በስኪ ዝላይ የመጨረሻ ሆኖ ታዋቂ ከሆነ ወዲህ የኦሎምፒክ ሹማምንት መስፈርቱን አጠበቡ። በ1984 ሳራዬቮ ላይ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ስኪተኛ የነበረው ሴኔጋላዊው ላሚን ጌይ ደግሞ መስፈርቱ ድሃ አገሮችን በር ላይ የሚያስቀር ነው ብሎ ለዓመታት ተሟገተ። እኔ ከሁለቱም ትንሽ እወስዳለሁ። የ140 ነጥቡ ማንም ጎበዝ ከለፋ የሚደርስበት ደጃፍ ነበር፤ እንዲህ ያለ ደጃፍ ይኑር። ደጃፉን ላለፈ ግን ቦታ አይከልከል።

ወደ አገራችን ስንመለስ በጣም የሚያስገርመኝ ንጽጽር ከጎረቤታችን ጋር ያለው ነው። ሻነን ኦግባናይ አበዳ በ1996 ካናዳ አልበርታ ውስጥ ፎርት ማክመሪ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስኪ ላይ አደገ። በ2012 በወጣቶች የክረምት ኦሎምፒክ፣ በ2018 በፒዮንግቻንግ፣ በ2022 በቤጂንግ ለኤርትራ ተሰለፈ። በትልቁ ስላሎም፣ ማለትም በሮቹ ራቅ ራቅ ብለው በሚተከሉበት ውድድር፣ ፒዮንግቻንግ ላይ 61ኛ፣ ቤጂንግ ላይ 39ኛ ሆነ። አስመራም እንደ ሶዶ ስኪ የሚያስኬድ በረዶ የላትም። ለአበዳ የጠቀመው ሌላ ነገር ነው፤ የኤርትራ የዜግነት ሕግ ከኤርትራዊ አባት ወይም እናት የተወለደን ሰው፣ የትም ይወለድ የት፣ ኤርትራዊ ይለዋል። ሉካስ ፒንሄይሮ ብራተንም እንዲሁ። ኦስሎ የተወለደ፣ እናቱ ብራዚላዊት የሆነች፣ ለኖርዌይ የ2023 የስላሎም ዋንጫ ያነሳ ሰው ነው። ከፌዴሬሽኑ ጋር ተጣልቶ ተወና ለብራዚል ተመለሰ፤ በኅዳር 2025 ፊንላንድ ሌቪ ላይ ስላሎም አሸንፎ ለብራዚል የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ድል አመጣ።

የእኛ ሕግ ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ውጭ አገር በመወለዱ የሌላውን ዜግነት ያገኘ ልጅም ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ካልመረጠ እንዲሁ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚይዙት ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ለመሥራትና ለመነገድ ይጠቅማል፤ ዜጋ ግን አያደርግም። የኦሎምፒክ ቻርተር ደግሞ ተወዳዳሪው የሚወክለው አገር ዜጋ ይሁን ይላል። በኮሎራዶ ዴንቨርና ኦሮራ፣ በካልጋሪም፣ ከስኪ ተራሮች በሰዓታት ርቀት ላይ ስንት የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ እንዳለ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የስላሎም ተወዳዳሪያችን ካለ ያለው እዚያ ነው።

ከዚህ ለሚነሣ ልጅም መንገዱ ጨርሶ ዝግ አይደለም። ዱባይ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ፣ ካይሮ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ ጣሪያ ያለው በረዶ አለ። ከወላይታ፣ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት የሄደባት ጆሃንስበርግ ደግሞ ከሌሴቶ ተራሮች የራቀች አይደለችም። እዚያ አፍሪስኪ የሚባል ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ቦታ ሰው ሠራሽ በረዶ እየረጨ ክረምቱን ይሠራል። ይህ ሁሉ መለማመጃ ነው፤ ሻምፒዮን የሚያደርግ ስላሎም ግን ከዚያ አይወጣም። ለሻምፒዮንነት የምታስፈልገው ኦሮራ የተወለደች ልጅ ናት።

እንበልና እሷ በሦስት ዓመቷ ስኪ ተጫምታለች፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ነጥቧ ከ140 ወርዷል፤ አባቷ ደግሞ ከሶዶ ነው። ወላጆቿ ባንዲራችንን ብትይዝ ይደሰታሉ። ሕጉ የሚሰጣት የምርጫ ዓመት የሚጀምረው 18 ሲሞላት ነው፤ ያን ጊዜ ወይ የአሜሪካ ፓስፖርቷን ትመልሳለች፣ ወይ ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል። የትኛው ወላጅ ምን እንደሚመክራት ለእናንተ እተወዋለሁ። ሺፍሪን የሶቺውን የስላሎም ወርቅ የወሰደችው በዚያው ዕድሜ፣ በ18 ዓመቷ ነበር።